የዘይነባ ሰሃን

«ዘይነባ የተባለችው ትወጣለች፤ አስካለ ትመለሳለች።»

ይህን ያሉት የንስሐ አባታችን አባ ገብረክርስቶስ ናቸው። ወይም እሳቸው ያሉት ይመስለኛል፤ እናቴ ተናግራው እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ሊሆንም ይችላል። ዘመኑ ርቋል። እኔም ያን ጊዜ የፊት ጥርሴን የምቀይር ልጅ ነበርኩ፤ ያለሁትም ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ ላይ፣ ተኝታለች ተብዬ ነው። እሪ በከንቱ የነበረችው ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ሳሎኑን ከመኝታው የሚለየው አበባ ያለበት መጋረጃ ብቻ ስለነበረ፣ ትልልቆቹ ምስጢር የሚያወሩት እኔ ዓይኔን ስጨፍን ነበር። እኔ ደግሞ ዓይኔን መጨፈን በደንብ አውቅበት ነበር።

እናቴ አባይነሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራቸዋለች። ደላላው ስሟን እንደለወጠባት፣ ማተቧን በመቀስ እንደቆረጡባት፣ ያን ሁሉ ዓመት ጅዳ ውስጥ ዘይነባ እየተባለች ስትጠራ እንደኖረች። አባም ከሃይማኖቱ ርቆ ለተመለሰ ሰው የሚነበበው መጽሐፈ ቄደር ይደገምላታል፣ ትጠመቃለች አሉ። ከዚያ ነው ያ ነገር የተባለው። ቀጥላ እናቴ «እስከዚያስ አባቴ፣ ከእኛ ጋር ትብላ?» ስትላቸው የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ደበደበው። መልሳቸውን አልሰማሁም።

የሰማሁት ግን በቃኝ። ከጥቂት ቀናት በፊት ከቦሌ በታክሲ የመጣችው፣ አሁን መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ የምትተኛው ሴት አክስቴ አስካለ አይደለችም። ዘይነባ የምትባል ሌላ ሴት ናት። አስካለን እዚያ አስቀርታ፣ መልኳን ለብሳ መጥታለች።

ማስረጃ አላጣሁም። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶ አስካለ እኔን ገና ሕፃን ሳለሁ ታቅፋ ትስቃለች፤ ጉንጯ ሙሉ ነው፤ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አለ። የመጣችው ሴት ግን ከሲታ ናት፤ አንገቷ ባዶ ነው። እጇን ወደ አንገቷ ትልክና እዚያ ሳይደርስ መልሳ ታወርደዋለች። በመጣች ቀንም ልታቅፈኝ እጇን ዘርግታ፣ ምን እንደታያት እንጃ፣ ሰብሰብ አደረገችው። እውነተኛ አክስት ብትሆን ምን ያስፈራታል? ገና ከታክሲው እንደወረደች እናቴ «አስካለ!» ብላ አንገቷ ላይ ስትጠመጠምባት የሰጠችው መልስ ደግሞ ከሁሉ ይብስ ነበር።

«ተይው እሱን ስም» አለቻት። «ገና አልተመለስኩም።»

ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስም የላትም። እናቴ «አንቺ» ትላታለች፤ ሲከፋት «እህቴ» ትላታለች። እኔ ምንም አልላትም ነበር።

ከእኛ ጋርም አትበላም። ሰማያዊ ጠርዝ ያለው የብረት ሰሃን ለብቻዋ አላት። ትሪው ሲቀርብ እሷ ጥግ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትጎርሳለች። ሰሃኗን ከኛ ዕቃ ጋር አትቀላቅለውም፤ ለብቻው አጥባ መስኮቱ ላይ ትደፋዋለች። ቀን ላይ ሸለብ ሲያደርጋት ደግሞ በድንገት «ናዓም፣ ማማ!» ብላ፣ በዓረብኛ አቤት ማለት ነው፣ ብድግ ትላለች። ዓይኗ ተከፍቷል፤ እኛን ግን አያየንም። እናቴ «ማንም አልጠራሽም፣ ተኚ» ትላታለች። እኔ ግን ሁለት ጉልበቴን አቅፌ፣ የሚጠራት እንዳለ፣ ከሩቅ ሆኖ በስሟ እንደሚጠራት አውቅ ነበር።

ማማ ማን እንደነበረች የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የሞሮኮዋ ካዛብላንካ ሴት ናት፤ ጅዳ ልጇ ቤት አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት። ክፉ አልነበረችም። አልጋዋ ላይ ሆና እየጮኸች ወጥ መሥራት አስተምራታለች፤ ሲጥም ታመሰግናታለች። ሌሊትም ይሁን ቀን፣ ውኃ ሲጠማት ወይ ብቸኝነት ሲይዛት ትጣራለች፤ የምትጣራው ግን የአክስቴ ባልሆነ ስም ነው። «መጀመሪያ ላይ ሌላ ሰው የምትጠራ እየመሰለኝ ዘወር እል ነበር» አለችኝ። «በኋላ ዘወር ማለት ተውኩ። የፈራሁት ያኔ ነው።»

ጾሙ እንደገባ ከአትክልት ተራ ሎሚ በፌስታል ይዛ መጣች። እያንዳንዱን ሎሚ እስከ ታች ሳይለያይ በመስቀል ቅርጽ ሰነጠቀችው፤ እንደ አበባ ከፈት አድርጋ ሆዱን ጨው ሞላችው። ከዚያ ትልቅ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ እየጠቀጠቀች፣ በራሱ ጭማቂ እስኪዋጥ በቡጢዋ ተጫነችው። እናቴ ምን እንደሆነ ብትጠይቃት «እስኪደርስ ይቆያል» ብቻ አለቻት። ጠርሙሱን ያኖረችው ደግሞ ከአልጋ ሥር፣ ልክ ከኔ ራስጌ በታች ነው።

በየቀኑ ጎንበስ ብላ ትስበውና ትገለብጠዋለች። እየቆየ ውኃው ደፈረሰ፤ ሎሚዎቹም ጠወለጉና የታመመ ዓይን መሰሉ። ማታ ማታ እግሬን ከአልጋው ጠርዝ አላወርድም ነበር። ለማን ልናገር? እናቴ «ሎሚ ነው እኮ» ነው የምትለኝ። ሎሚ መሆኑንማ እኔም አይቻለሁ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ለሆድ ሕመሜ እንጦጦ ጠበል ይዛኝ ሄደች። አንዲት ሴት እየተጠመቀች ጮኸች። አጠገቤ የቆሙ አሮጊት በነጠላቸው ጫፍ አፌን ሸፈኑልኝና «አፍሽን ግጠሚ ልጄ፤ የሚወጣው ነገር ማደሪያ ይፈልጋል» አሉኝ። ቃሉ ከአባ ቃል ጋር ሄዶ ተገጣጠመ። ዘይነባ ትወጣለች ተብሏል። ወጥታ ወዴት ትሄዳለች? አፉን ወደ ከፈተላት።

ከእሷ ጋር ብቻዬን የወጣሁት አንድ ቀን ነው፤ እናቴ ሥራ ስለነበራት። ፒያሳ ጋሽ አብዱልሃሚድ ቅመም ሱቅ ሄድን። ጋሽ አብዱልሃሚድ ከወደ ወራቤ የመጡ፣ እናቴንና አስካለን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ናቸው። እሷ ከባንኮኒው ፊት ቆማ በልማድ በዓረብኛ የቅመም ስም ጠራች። በማላውቀው ቋንቋ ስትናገር ድምፅዋ ራሱ ተለወጠብኝ፤ የያዘችኝን እጄን ቀስ ብዬ አስለቀቅኋት።

ሽማግሌው ግን ሳቁ። «ድምፁ የአስካለ ነው፤ ዓረብኛው የማን ነው?»

«በዚያ ስም አይጥሩኝ ጋሽ አብዱልሃሚድ።»

«እና በማን ልጥራሽ? በእኛው?»

እሳቸው ቀረፋውንና እርዱን በጋዜጣ ቁራጭ እየጠቀለሉ፣ ለኔ ከረሜላ ሰጥተውኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሯት። «ስም ተውሰሽ ነበር የሄድሽው። እኛ አልተቀየምንሽም። ግን የተዋስሽውን መልሺልንና የራስሽን ውሰጂ። ሁለቱንም ጥለሽ መሐል ሜዳ ላይ ምን ታደርጊያለሽ?»

ዛሬ ሳስበው ከዚያ የበለጠ ደግ ቃል የነገራት አልነበረም፤ ራሷም ትለዋለች። እኔ ግን ከረሜላውን ሳልልጥ እስከ ቤት በጡጫዬ ይዤው ሄድኩ። ስሙ የተዋሰችው ከሆነ ባለቤቱ አንድ ቀን ሊወስደው ይመጣል ማለት ነው፤ የሚመጣውም ወደኛ ቤት ነው።

ፋሲካ መጣ። የጊዮርጊስ ደወል ሲደወል ሁሉም ገደፈ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራራ። እሷ ጥጓን ይዛ፣ በዚያ ሰሃን ሽሮ በላች። እናቴ የዶሮውን እንቁላል ይዛ ልታጎርሳት ብትጠጋ ፊቷን አዞረች። እናቴ እንቁላሉን መልሳ ድስቱ ውስጥ ከተተችውና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ዝናቡ የዋጠብኝን የአባ ገብረክርስቶስን መልስ እናቴ የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። «ትብላ እንጂ! ማን ከለከላት? ራሷ ናት ራሷን የከለከለችው» ነበር ያሉት። ያን ሁሉ ዓመት ያለ በስመ አብ የታረደ ሥጋ በልቻለሁ፣ በሰው ስም አቤት ብያለሁ፣ እናንተን አላረክስም ብላ ነው ያንን ሰሃን የያዘችው፤ ወደ አባ መሄዱንም ከዛሬ ነገ እያለች የገፋችው። እሷ እኛን ጠብቃ፣ እኔ ከእሷ ራሴን ስጠብቅ ከረምን።

በፋሲካ ማግስት ደላላው መጣ። ካላዩ ይባላል፤ ቤት ውስጥም ጥቁር መነጽር የማያወልቅ ሰው። አዲስ ቪዛ ተገኝቷል አለ፤ ፓስፖርቱ በዚያው በዘይነባ ስም ስለሆነ ችግር የለም አለ፤ የሚመጣው ሳምንት ሰኞ መልስ እፈልጋለሁ ብሎ ሄደ። በሩ እንደተዘጋ እናቴ ምን እንደምታስብ ጠየቀቻት።

«ልሂድ መሰለኝ» አለች። «እዚያ ቢያንስ ማን እንደሆንኩ አውቃለሁ።»

ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ትሂድልን። ጠርሙሷንም ይዛ ትሂድ። ነገር ግን እናቴ ተነሥታ ወገቧን ያዘችና ያላሰብኩትን ነገር ተናገረች።

«ጥሩ። እኔ የሠራሁትን አልበላ ካልሽ አንቺ የሠራሽውን እኔ እበላለሁ። ለዚያች ማማሽ የምትሠሪላትን ዶሮ እሑድ ሥሪልኝ። ስትበዪው የኖርሽውን ልቅመሰው። ከዚያ ሂጂ።»

እሷ አይሆንም አለች። እናቴ ሰሃኑን ከመስኮቱ አንሥታ እንደምትጥለው ማለች፤ በመጨረሻም እሺ ተባለ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። እናቴ አፏን ልትከፍት ነው። ዘይነባ ወጥታ የምታድርበትን አገኘች።

ቅዳሜ ከሰዓት ዶሮው ተገዛ። ቤታችን ወንድ ስለሌለ ዶሮ የሚያርድልን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አቶ ማቲዎስ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ቢላውን ይዞ መጣ። «ዓረብ አገር ዶሮው ራሱ ነው አሉ ታርዶ የሚመጣው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። እሷ ወደ ግቢው በር ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችን። እሱ «በስመ አብ» ሲል የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ስትጎርስ ከጎን አየኋት። ስሙን ፈራች አልኩ። አሁን ምን ቀረ? በኋላ እንዳጫወተችኝ ግን እሷም አብራው እያለች ነበር። ድምፅዋ እንዳይሰማባት ነው አፏን የዘጋችው።

እሑድ ቅዳሴ ውለን ስንመለስ እሷ ከሰሉን አቀጣጥላ ነበር። እናቴ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ እጇን ሳታስገባ ማየት አልሆነላትም። ዶሮው ከነቆዳው ነው።

«ቆዳው አይገፈፍም?»

«አይገፈፍም።»

«ብልቱስ?»

«አራት ቦታ ብቻ።»

እናቴ ወደ ጣሪያው አየች። ከዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ሳታወጣ ወጥ ሠርታ ስለማታውቅ አራቱ ቁራጭ ስድብ ነበር የሆነባት። ሽንኩርቱም አልተከተፈም፤ በመፈግፈጊያ ተፈግፍጎ፣ ዘይት ላይ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ ገባ፤ የቀረፋው ቅርፊት ሳይደቅ እንዳለ ተጣለበት። ከትንሽ ብልቃጥ ቀይ ክር የመሰለ ነገር በጣቷ ቆንጥራ ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፈች፤ ውኃው ወርቅ ሆነ። ከፒያሳ የድሮ ግሮሰሪ የገዛችውን የወይራ ፍሬና ጭብጥ የድንብላል ቅጠል ጨመረች። በርበሬ የለም። ቅቤ የለም።

«አልጫ ነው በይኛ» አለች እናቴ።

«አልጫም አይደል።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት። «ማማም ይኼንኑ ነበር የምትለኝ፤ አንቺ ስትሠሪው ምን እንደሆነ እንጃ ትለኛለች። እኔ ቁንዶውን አበዛባት ነበር።»

ከዚያ ተንበረከከችና ጠርሙሱን ከአልጋዬ ሥር ሳበችው። ክዳኑ ሲከፈት ቤቱን የሞላው ሽታ የሎሚ አልነበረም። ሎሚ ሞቶ ሌላ ነገር የሆነ ይመስል ነበር። አንዱን አውጥታ ሥጋውን ጣለች፤ ልጣጩን ብቻ አጥባ፣ በቀጭኑ ቆርጣ ድስቱ ውስጥ ከተተችው። ድስቱ ተከደነ። እንፋሎቱ ክዳኑን እያነሣ ይመልሰዋል፤ እየደጋገመ፣ ከውስጥ የሚተነፍስ ያለ ይመስል።

ሲደርስ አስቀድማ ለራሷ በብረት ሰሃኗ ጥቂት አወጣችና ጥጓ ላይ አኖረችው። እናቴ እጇን ልትታጠብ ውጭ ወዳለው ቧንቧ ወጣች፤ እሷም የምንበላበትን ዳቦ ልታመጣ ወደ ጎረቤት ሄደች። እኔና ሰሃኑ ብቻችንን ቀረን።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ዛሬም አልረሳሁትም። እናቴን አትብዪ ብላት አትሰማኝም። ድስቱን ላንሣው ብል አቅም የለኝም። ግን የሚወጣው ነገር አንድ ማደሪያ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። ቀድሜ ከበላሁ እኔን ይይዘኛል፤ እናቴ ትተርፋለች። እናቴ ከተረፈች ደግሞ ጠበል ትወስደኛለች፤ እኔን ማን ይወስደኛል እሷ ከሌለች?

አባታችን ሆይን እስከ መካከሉ አልኩ፤ ቀሪው ጠፋብኝ። ጥጉ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቴን እንደ እሷ ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በእጄ ዛቅ አድርጌ ጎረስኩ።

ጨው ነበር፤ ኮምጣጣ ነበር፤ ከበስተኋላው የሚጣፍጥ የቀረፋ ሙቀት መጣ። እንባዬ ወረደ፤ ግን ዋጥኩት። ደግሜ ጎረስኩ፤ ትንሽ ቁራሽ ላይበቃ ይችላል ብዬ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ መለወጤን ጠበቅሁ። ጸሎት፣ ጸሎት፣ ጸሎት እያልኩ የራሴን ስም በልቤ ጠራሁ። እስካሁን እኔ ነኝ። እስካሁን እኔ ነኝ።

«ከእኔ ሰሃን?»

ዳቦውን አቅፋ ከበላዬ ቆማለች። ከኋላዋ እናቴ፣ እጇ ውኃ እያንጠባጠበ፣ ደፉ ላይ ደርቃ ቀርታለች። ከግድግዳው ጋር ተለጠፍኩ። መናገር አልፈለግሁም ነበር፤ ግን አፌ አንዴ ተከፍቷል።

«ስትወጪ እማዬ ላይ እንዳትገቢ» አልኳት። «እኔ ላይ ግቢ።»

ዳቦውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ከፊቴ ተንበረከከች።

«እኔ ማን ነኝ?»

«ዘይነባ።»

«አስካለስ?»

«እዚያ አስቀረሻት።»

ትናደዳለች ብዬ ነበር። ትስቃለችም ብዬ ነበር። እሷ ግን በደንብ ያየችኝ ገና ያን ጊዜ እንደሆነ ሁሉ፣ የተሸበረውን ፊቴን፣ በወጥ የተበከለውን እጄን አንድ በአንድ አየች። ከእኛ ርቃ የጠበቀችው ቤት እንዴት አድርጎ እንደሚያያት በዚያች ሰዓት ገባት መሰለኝ።

እናቴ መጥታ በመካከላችን መሬት ላይ ተቀመጠች። እጇን ወደዚያ ሰሃን ሰደደች፤ ቆረሰችና ጎረሰች። እኔ ጮህኩ። እሷ አላመጠች፤ ዋጠች፤ ፊቷን ትንሽ ቋጠር አድርጋ «ጨው በዝቶበታል» አለች። ከዚያ ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝና ወደ እህቷ ሳታይ ተናገረች።

«ጸሎት፣ አክስትሽን ጥሪያት። በስሟ ጥሪያት። ከመለሰችልሽ ቅዳሜ ሦስታችንም አባ ገብረክርስቶስ ጋ እንሄዳለን። ዝም ካለች ነገ ካላዩ ይምጣና ይውሰዳት፤ እኔም ሁለተኛ አልለምናትም።»

ፎቶውን አየሁ። ከዚያ የተንበረከከችውን ሴት አየሁ። እጇ እንደ ልማዱ ወደ አንገቷ ተነሣ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ድስቱ አሁንም ክዳኑን እያነሣ ይመልሳል። ብጠራት የሚመጣው ማን ይሆን? ናዓም ብትለኝስ? ከአፌ የወጣው ድምፅ የኔ መሆኑን እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም።

«አስካልዬ።»

ያቺ በመንገድ የቆመች እጅ ቀስ ብላ ወጣች፤ ባዶው አንገቷ ላይ አረፈች፤ አልተመለሰችም።

«ወዬ» አለችኝ። «ወዬ፣ ጸሎቴ።»